የከብት መድኃኒት በሰው ደጅ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የጅማን መንገድ የያዘ ሰው ከከተማው ግርግር ሳይላቀቅ ዓለም ገና ይደርሳል። እዚያ አንዱ መንገድ ወደ ቡታጅራ ይገነጠላል፤ ሌላው ሰበታን አቋርጦ ወደ ወሊሶና ወደ ጅማ፣ ከጅማም አልፎ ወደ ከፋ ቡና አገር ይዘልቃል። ዛሬ ዓለም ገናም ሰበታም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ሰበታ ብዙ ነገር አላት፤ ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልጉን ግን ሁለት ግቢዎች ናቸው። አንዱ መርሐ ዕውራን ነው፤ ስንትና ስንት ዓይነ ስውራን ፊደልን በጣታቸው የለዩበት ትምህርት ቤት። ሌላው ከየአገሩ የሚመጣ የእንስሳት ደምና ናሙና የሚመረመርበት ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ነው። ሁለቱ በአንድ ከተማ ይኑሩ እንጂ በሥራ የሚገናኙ አይደሉም። የእንስሳት ሐኪሙ ጉዳይና የዓይነ ስውሩ ጉዳይ ግን በአንድ መድኃኒት ታሪክ ውስጥ ተገናኝተዋል፤ መድኃኒቱም ወደ አገራችን ሕመምተኞች የዘለቀው ወደ ከፋ ነው።

መድኃኒቱ ኢቨርሜክቲን ይባላል። ከብት የሚያረባ ገበሬ በደንብ ያውቀዋል። በጓ ስትከሳና ፀጉሯ ሲረግፍ፣ ላሟን መዥገርና እከክ ሲያስቸግራት፣ ሆዷ ውስጥ ትል ሲበዛ የእንስሳት ሐኪሙ ከቆዳ ሥር የሚወጋው መርፌ ነው። ይኸው ንጥረ ነገር በክኒን መልክ ሲዘጋጅ የሰው መድኃኒት ይሆናል። ከጋጣ ተነሥቶ ወደ ሰው ቤት እንዴት እንደ ገባ፣ በኋላም ባልተጠራበት ቤት ገብቶ ምን እንዳስከተለ መናገር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። (ዓመታቱ፣ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከጃፓን አፈር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሳቶሺ ኦሙራ የተባሉ የቶኪዮው የኪታሳቶ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ በሄዱበት ሁሉ ትንሽ ላስቲክ ይዘው እየዞሩ አፈር ይለቅሙ ነበር። ከአፈሩ ውስጥ ለመድኃኒት የሚሆን ነገር የሚሠሩ ረቂቅ ተሕዋስያንን ይፈልጋሉ። ካዋና በተባለ ሥፍራ ከአንድ የጎልፍ ሜዳ አጠገብ ከዘገኑት አፈር የተገኘው ተሕዋስ በ1974 ከሌሎች ናሙናዎች ጋር ወደ አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ወዳለው የሜርክ ኩባንያ ላቦራቶሪ ተላከ። እዚያ አየርላንዳዊው ዊሊያም ካምቤልና ባልደረቦቻቸው ትል የያዛቸውን አይጦች በዚያ ተሕዋስ ውጤት ሲመግቧቸው ትሉ ጠፋ። ከጎልፍ ሜዳው አፈር ሌላ ለዚህ ተሕዋስ እስከ ዛሬ ምንጭ አልተገኘም ይባላል።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ፤ ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው። በትልና በነፍሳት ነርቭና ጡንቻ ውስጥ ያለ፣ በሰውና በከብት ግን የሌለ አንድ ዓይነት በር አለ። መድኃኒቱ ያንን በር ከፍቶ ይተወዋል፤ ትሉ ይሽመደመዳል፣ ነፍሳቱም ይሞታሉ። እኛም ነርቫችን ውስጥ የዚያ በር ዘመዶች አሉን፤ ነገር ግን አንጎላችንን የሚጠብቅ አጥር ስላለ በልኩ የተሰጠ መድኃኒት ወደዚያ አይዘልቅም። አጥራቸው በዘር የላላ የተወሰኑ የውሻ ዝርያዎች ግን ሌላውን ውሻ በማይጎዳ መጠን ይወድቃሉ። ስለዚህ የዚህ መድኃኒት ደግነት ሁሉ ያለው በልኩ ላይ ነው።

በ1981 ለእንስሳት ገበያ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ኩባንያውን እጅግ ከሚያበለጽጉት መድኃኒቶች አንዱ ሆነ። ሰው መጀመሪያ በሐሳቡም አልነበረም። ሐሳቡን ያመጣው ፈረስ ነው። የፈረስ ቆዳ ውስጥ የሚኖር አንድ ቀጭን ትል አለ፤ መድኃኒቱ የዚያን ትል እጮች እንደሚያጠፋ ታየ። ካምቤል ያንን ሲያዩ የዚያ ትል የቅርብ ዘመድ በሰው ቆዳ ውስጥ እንደሚኖር አስታወሱ።

ያ የሰው ትል ኦንኮሰርካ ይባላል፤ በሽታው የወንዝ ዳር ዕውርነት። የምታስተላልፈው በፈጣን ወንዝ ዳር የምትራባ ትንሽ ጥቁር ዝንብ ናት። አዋቂዎቹ ትሎች ከቆዳ ሥር እባጭ ሠርተው ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራሉ፤ እጮቻቸው በሚሊዮን እየተፈለፈሉ በቆዳና በዓይን ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ቆዳው ያሳክካል፣ ይሻክራል፣ እንደ ነብር ይዥጎረጎራል፤ ዓይን ውስጥ የገቡት ሲሞቱ የሚያስነሡት ቁጣ ቀስ በቀስ ብርሃን ይነሣል። በምዕራብ አፍሪካ ሰው ዕውርነትን ሸሽቶ ለም የወንዝ ሸለቆዎችን ለቆ ወጥቶ ነበር።

ከዚያ በፊት መድኃኒት አልነበረም ማለት አይደለም። ሱራሚን የሚባል ነበር። እሱም ራሱ ከሌላ በሽታ የተዋሰ ነው፤ ጀርመኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለእንቅልፍ በሽታ የሠሩት ነው። አዋቂውን ትል ይገድላል፤ ኩላሊትንም አብሮ ይጎዳል። ዲኢሲ የሚባለው ሌላው መድኃኒት እጮቹን በአንድ ጊዜ ስለሚጨርስ ሕመምተኛው በማሳከክና በትኩሳት ይሰቃያል፤ አንዳንዴም ሊያድኑት የነበረውን ዓይን ያሳጣዋል። ሁለቱም ለአገር ሙሉ ሕዝብ የሚታደሉ አልነበሩም።

በ1981 ሞሐመድ አዚዝ የተባሉ የሜርክ ሐኪም፣ ትውልዳቸው ባንግላዴሽ፣ መድኃኒቱን ይዘው ወደ ዳካር፣ ሴኔጋል ሄዱ። ያደረጉት ነገር ለጋዜጣ የማይመች፣ አሰልቺ ሥራ ነው። በጣም ትንሽ መጠን ለጥቂት ሰዎች ሰጡ፤ ጠበቁ፤ ከቆዳቸው ቁራጭ ወስደው በማይክሮስኮፕ እጭ ቆጠሩ። ምንም ጉዳት ባለመታየቱ መጠኑን ከፍ አደረጉ፤ እንደገና ቆጠሩ። እጮቹ ጠፉ፤ በዲኢሲ የሚታየው ዓይነት ከባድ ስቃይም አልመጣም። ከብዙ ሙከራ በኋላ ለሰው የተወሰነው ልክ ለአንድ ኪሎ ክብደት 150 ማይክሮግራም ሆነ። ከፈረስ ወደ ሰው ያሻገረው ድልድይ ይህ ቆጠራ ነው፤ እኔ ከጎልፍ ሜዳው አፈር ይልቅ ይህን የአዚዝን ቆጠራ አደንቃለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የገንዘብ ነበር። በወንዝ ዳር የሚኖር ድኻ ምን ከፍሎ ይገዛዋል? ኩባንያው ገዝቶ የሚያድል መንግሥት ወይም ድርጅት ቢያፈላልግ አጣ። በኦክቶበር 1987 ሊቀ መንበሩ ሮይ ቫጄሎስ መድኃኒቱ ለዚህ በሽታ እስካስፈለገ ድረስ፣ የሚፈለገውን ያህል በነፃ እንደሚሰጥ አስታወቁ። የሰው ክኒኑ ሜክቲዛን ተባለ። ከብቱ ከፍሎ ሰውን አሳከመ ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ትርፉን ያስገኘው የጋጣው ገበያ ነበርና። ኦሙራና ካምቤል በ2015 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። አዚዝ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

ወደ አገራችን እንምጣ። በሽታው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መኖሩን መጀመሪያ የዘገቡት በወረራው ዘመን፣ በ1939፣ ጣሊያኖች ናቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ አሥርት ዓመታት ያለ ፈውስ አለፉ። የደቡብ ምዕራቡ ሰው ከምዕራብ አፍሪካው ጋር ሲነጻጸር ብዙም አልታወረም፤ በዚህም የተነሣ ሳይሆን አይቀርም ድምፁ ሳይሰማ የቆየው። የእሱ ስቃይ ቆዳው ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያክክ አድሮ ጠዋት ቡና ለቀማ መውጣት፣ ቆዳዋ ተበላሸ ተብላ ባል ያጣች ልጃገረድ፣ እንቅልፍ አጥቶ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ። የዓይን መጥፋት በቁጥር ይመዘገባል፤ የእንቅልፍ ማጣት አይመዘገብም።

ሜክቲዛን በዘመቻ መታደል የጀመረው በ2001፣ በከፋና በሸካ ነው፤ ዛሬ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በሆነው ምድር ማለት ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከካርተር ማዕከልና ከላየንስ ክለቦች ጋር ሠራ፤ በላየንስ በኩል የዶክተር ጠበበ የማነ ብርሃን ስም ሳይነሣ አይታለፍም። በመንደሩ ሰው የተመረጠ መድኃኒት አዳይ ቤት ለቤት ይዞራል። ሚዛን አይዝም፤ የያዘው ምልክት የተደረገበት ዘንግ ነው። ሰውየው ከዘንጉ ጎን ይቆማል፤ እንደ ቁመቱ ከአንድ እስከ አራት ክኒን ይሰጠዋል። ከ90 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና በጠና የታመመ ሰው አይወስድም። ማንበብ ለማይችል አዳይ የተቀመረ የፋርማሲ ትምህርት ነው ያ ዘንግ።

እዚህ ላይ አያቶቻችን ትዝ ይሉኛል። እኛ ለትል መድኃኒት እንግዳ አይደለንም። ኮሶ ተወቅጦ፣ ተዘፍዝፎ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣ ነበር፤ እንግዳ የማይፈልግ ባለቤትም «ኮሶ ጠጥተዋል» አስብሎ ደጁን ይዘጋ ነበር። ይኸው ኮሶ በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ድረስ ተሻግሮ በመድኃኒት ቤት ተሸጧል። ትሉን ያስወጣል፤ ግን ልኩ በጠጪው ጉሮሮና በአጠጪው ግምት ነበር፤ ሲበዛ የሚጎዳውም ስለዚህ ነው። የአያቶቻችን ኮሶ ያ ዘንግ አልነበረውም።

ሜክቲዛን እጮቹን እንጂ አዋቂውን ትል አይገድልም፤ ለጊዜው እንዳትወልድ ያደርጋታል እንጂ እናቲቱ በቦታዋ አለች። ስለዚህ እርጅናዋ እስኪመጣ ድረስ፣ ዓመት ከዓመት፣ ሳያቋርጡ መዋጥ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ መጀመሪያ በሽታውን ለመቆጣጠር በዓመት አንዴ ታድል ነበር፤ በ2010ዎቹ መጀመሪያ ጨርሶ ለማጥፋት ወስና በብዙ ቦታ በዓመት ሁለቴ አደረገችው። አንድ ሰው ዛሬ ምንም አያሳክከውም፣ ጤነኛ ነው፤ ግን ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ክኒን ዋጥ ይባላል። ያን ሰው ማሳመን መድኃኒቱን ከመሥራት አይተናነስም።

አንዱን ነገር ከሠራበት ወደ ሌላ ሥራ ማሻገር ለእኛ ሳይንስ አዲስ አይደለም። በ1964 አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች፣ በወንዙ ውስጥ፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሳሙናው የበሽታ መከላከያ ሊሆን እንደሚችል የታየው በዚያ ቅጽበት ነው፤ ሥራው ግን አላለቀም፤ ስንት ዘር፣ በስንት ውኃ፣ ዓሣውንስ ምን ያደርገዋል የሚለው ዓመታት ፈጀ። ማየት አንድ ነገር ነው፣ መመዘን ሌላ።

ኢቨርሜክቲንም ከወንዝ ዳር ዕውርነት ተነሥቶ ሌላ ሌላም በር አንኳኳ። በትንኝ በሚተላለፈው የዝሆኔ በሽታ ላይ፣ አልቤንዳዞል ከተባለ እሱም መጀመሪያ የእንስሳት ከነበረ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ፣ በኢትዮጵያ በ2009 በጋምቤላ መታደል ጀመረ። ሆኖም ዝሆኔ የምንለው ሁሉ አንድ አይደለም። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄድን ገበሬ እግሩን የሚያሳብጠው ከትል ሳይሆን ከአፈሩ የሚመጣ ነው፤ ይህን በ1970ዎቹ እዚሁ አገር ሲሠሩ አጥርተው ያሳዩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ለዚህኛው ክኒኑ ምንም አይፈይድም፤ ጫማ፣ ውኃና ሳሙና ናቸው መድኃኒቶቹ። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት እግር ይዘው ይመጣሉ፤ አንዱን የሚያድነው ለሌላው ከንቱ ነው።

እከክ ላይ ግን ሠራ። በ2015 እና 2016 በኤልኒኖ የተነሣ ድርቅ በሆነ ጊዜ በአማራ ክልል እከክ እንደ ወረርሽኝ ተነሣ። በክልሉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ታይቶ ሢሶው ያህል ተይዞ ተገኘ። የተለመደው ሕክምና ገላን ሁሉ መቀባት ነው፤ ታጥቦ መቀባት፣ ልብስን ማጠብ። ውኃ በጠፋበት አገር ታጠቡ ማለት ምን ማለት ነው? የሚዋጠው ክኒን ያን ጊዜ ዋጋው ታየ። የዓለም ጤና ድርጅት ኢቨርሜክቲንን ለእከክ ጭምር በዋና ዋና መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በ2019 ነው። እከኩን የምታመጣው ተባይ ለመዥገር ዘመድ ናት፤ ያው በር ስላላት መድኃኒቱ ይይዛታል። የበጎቹ እከክ ሐኪም የልጆቹንም እከክ ፈወሰ።

ከዚህ በኋላ 2020 መጣ። በኤፕሪል መጀመሪያ ሁለት ነገሮች በሁለት ቀን ልዩነት ሆኑ። የዓለም ጤና ድርጅት በኮሮና ምክንያት የጅምላ መድኃኒት እደላ ዘመቻዎች ለጊዜው እንዲቆዩ መከረ፤ በእኛም አገር እደላው ለወራት ተስተጓጎለ። በዚያው ሳምንት አውስትራሊያ ውስጥ በብልቃጥ ባለ ሕዋስ ላይ ኢቨርሜክቲን የኮሮናን ቫይረስ እንደሚያዳክም የሚገልጽ ጥናት ወጣ። መድኃኒቱ ለሚያውቀው በሽታ በተቋረጠበት ሳምንት ለማያውቀው በሽታ ዝነኛ ሆነ።

በብልቃጡ ውስጥ የተጨመረው መጠን ሰው በተፈቀደው ልክ ቢውጥ በደሙ ከሚገኘው በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጥ ነበር። ያን ማን ያንብብ? ሰው ይሞታል፣ ክትባት የለም፣ ክኒኑ ርካሽ ነው። ከላቲን አሜሪካ እስከ ደቡብ አፍሪካ ተሻሙበት፤ የሰው ክኒን ሲያልቅ የከብቱን መርፌና የፈረሱን ቅባት የጠጡ ነበሩ። ከተባሉት ጥናቶች ሁሉ ጎላ ብሎ የታየው የግብፅ ጥናት መረጃው አጠያያቂ ሆኖ በጁላይ 2021 ከተለጠፈበት ተነሣ። በ2022 በብራዚል የተደረገው ትልቁ ሙከራ፣ ከዚያም በአሜሪካና በእንግሊዝ የተከተሉት፣ ለኮሮና ሕሙማን የሚታይ ጥቅም እንደሌለው አሳዩ።

በኦገስት 2021 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሕዝቡን እናንተ ፈረስ አይደላችሁም፣ ላምም አይደላችሁም ብሎ ተሳለቀ። ብዙ ሰው ሳቀ፤ እኔ ግን አባባሉን አልወደድኩትም። የፈረስ መድኃኒት መሆኑ ነውር ቢሆን ኖሮ ከፋ ውስጥ ያለችው እናት ዛሬም ሌሊቱን ስታክክ ባደረች ነበር። የካምቤል ሐሳብ የመጣው ከፈረስ ነው ብለናል። ጥፋቱ ከእንስሳት መምጣቱ ሳይሆን፣ በዳካር የተደረገው ዓይነት ቆጠራ ሳይጠበቅ ተስፋ በሚዛን ቦታ መቀመጡ ነው። ፌዙ ደግሞ መድኃኒቱን አጥብቀው የያዙትን ሰዎች ይበልጥ አጠበቃቸው እንጂ አላስተዋቸውም።

በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል አንድ ያልተስተዋለ ነገር ነበር። በአንዳንድ አገሮች በተደረጉ ሙከራዎች ኢቨርሜክቲን የወሰዱት የኮሮና ሕሙማን ጥቂት የሞቱ መስለዋል። በ2022 የወጣ አንድ ትንተና ነገሩን ሲመረምር፣ ጥቅሙ የታየው ስትሮንጊሎይድስ የሚባል የአንጀት ትል በብዛት በሚገኝባቸው አገሮች ሆኖ አገኘው። ለኮሮና የሚሰጡት የስቴሮይድ መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክሙ ያ ትል ገንፍሎ ሊገድል ይችላል። እንግዲህ ኢቨርሜክቲን ምናልባት ሰዎችን አድኖ ይሆናል፤ ከቫይረሱ ግን አይደለም፤ የጥንት ሥራውን፣ ትል መግደሉን እየሠራ ነው። የአንጀት ትል ለሞላበት እንደ እኛ ላለ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል ትክክለኛው ምዘና ባለበት ቦታ ደግሞ አዲስ በር እየተከፈተ ነው። መድኃኒቱን የዋጠ ሰው ደም የጠጣች የወባ ትንኝ ትሞታለች። የአገራችን ተመራማሪዎችም ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊያችን አኖፌሊስ አራቢየንሲስ መድኃኒቱን ከወሰዱ ሰዎች ደም ጠጥታ ምን እንደምትሆን ፈትነው፣ ዕድሜዋም እንቁላሏም እንደሚቀንስ በ2019 አሳትመዋል። በኬንያ ክዋሌ በተደረገና በ2025 በታተመ ትልቅ ሙከራ፣ አጎበር ላይ ኢቨርሜክቲን በተጨመረባቸው መንደሮች በልጆች ላይ አዲስ የወባ መያዝ በ26 በመቶ ቀነሰ። ከመቶ 26 ብቻ ነው፤ በ2020 ስለ ኮሮና ይወራ ከነበረው ተአምር ጋር ሲተያይ ያንሳል። ይኸኛው ግን ተቆጥሮ የተገኘ ነው።

ዋናው ሥራ ግን ያው ወንዝ ዳር ነው። ኒጀር በጃንዋሪ 2025 ከአፍሪካ የወንዝ ዳር ዕውርነትን በማጥፋት የመጀመሪያዋ አገር ተብላ ታውቃለች። ኢትዮጵያ ገና እዚያ አልደረሰችም። በሰሜን ምዕራብ የመተማው ስርጭት ከሱዳኑ ጋላባት ጋር አንድ በመሆኑ ሁለቱ አገሮች አብረው መሥራት ነበረባቸው፤ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ደግሞ ሱዳን ጦርነት ውስጥ ናት። ዝንቧ ኬላ አታውቅም።

በአንድ አካባቢ እደላውን ለማቆም ከመወሰን በፊት የሚጠየቀው ማስረጃ ከባድ ነው። ከአሥር ዓመት በታች ያሉ ሁለት ሺህ ያህል ልጆች ደማቸው ይመረመራል፤ ያ ትል ነክቷቸው እንደሆነ ደሙ ይናገራል። ቢያንስ 6,000 ጥቁር ዝንቦች ተይዘው አዲስ አበባ ወዳለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ ይላካሉ፤ ከሁለት ሺህ ዝንብ አንዷ እንኳ የበሽታው ተሸካሚ ሆና መገኘት የለባትም። ዝንቦቹን የሚይዙት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ በወንዙ ዳር ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ይቀመጣሉ፤ ዝንቧ መጥታ እግራቸው ላይ ስታርፍ፣ ከመንከሷ በፊት፣ በትንሽ ቱቦ ስበው ያስገቧታል። ሰዓቱን ጽፈው ቀጣይዋን ይጠብቃሉ።